ከማሪቱ በኋላ አምባሰልን ማን ይዝፈነው? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ወሎ ዜማ ጥቂት ቃል ከጻፍን በኋላ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከባቲና ከሐይቅ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልቻልን የብዙዎቹን ሐሳብ ይዘዋል ያልናቸውን አምስቱን መርጠናል፤ ረዘም ያሉትን ደግሞ የጸሐፊዎቹን ሐሳብ ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረውም ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ አምባሰልን፣ ያንን በተራራው ስም የሚጠራ የወሎ ዜማ፣ የሰማሁት ከማሪቱ ለገሰ ጉሮሮ ስለሆነ ሌላ ሰው ሲዘፍነው ጆሮዬ አልቀበል ይላል። ልጄ ከዩቲዩብ አዳዲስ ድምፆች እየፈለገች ታሰማኛለች፤ እኔም «ይህ ማሪቱን ለመምሰል የሚደረግ ልፋት ነው» እላታለሁ። እርሷ ደግሞ «አባዬ፣ አንተ የምትሰማው ዘፈኑን ሳይሆን ወጣትነትህን ነው» ትለኛለች። ከሁለታችን ማን ነው ልክ?

መልስ፦ የልጅዎን ቃል ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅዎትም፤ ነገሩ እኔንም የሚነካ ነውና። እኔ አምባሰልን መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ካሴት ነበር። ሐይቅን አልፈን ወደ ውጫሌ ስንቃረብ የአምባሰል ተራራ በስተግራ በኩል ብቅ አለ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት በጣታቸው እያመለከቱ «ያውልህ አምባሰል» አሉኝ፤ በዚያው ቅጽበት ማሪቱ ያንኑ ስም እየጠራች ነበርና ተራራው ራሱ የሚያዜም መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን አምባሰል ሁሉ በዚያ መስኮት አሻግሬ ስመዝን ኖሬአለሁ። እንግዲህ ልጅዎ «የምትሰማው ወጣትነትህን ነው» ስትል ባዶ ነገር አልተናገረችም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥታ የእርስዎ ፍርድ ሁሉ ናፍቆት ብቻ ነው ካለች አልስማማም፤ አንድን ዜማ አርባ ዓመት ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ የተማረው ነገር አለና። መጠየቅ ያለበት ያ ጆሮ የተማረው ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የተሠራባቸውን ድምፆች አሰላለፍ፣ ነው ወይስ የአንዲትን ሴት ድምፅ የሚለው ነው።

ማሪቱ በደርግ ዘመን በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን መድረክ ታውቃ፣ በኋላም ለረጅም ዓመታት አሜሪካ ኖራ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ ሕዝቡ ራሱ የአምባሰል ንግሥት ብሎ የሾማት ዘፋኝ ናት። ትልቁ ችሎታዋ የድምፅ ጉልበት አይመስለኝም፤ ከእርሷ የበረታ ድምፅ ያላቸው ዘፋኞች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። እኔን የሚደንቀኝ ትዕግሥቷ ነው። ስንኙን ጀምራ ሳትጨርሰው ድምፅዋን አንድ ቦታ ላይ ታቆመዋለች፤ ማሲንቆው ከሥር እየተከተለ ይዳብሰዋል፤ አድማጩ ቀጣዩን ቃል በጉጉት እየጠበቀ ሳለ እርሷ በጉሮሮዋ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋና ዘርግታ፣ ምንም ሳትቸኩል ወደ ማረፊያው ትወርዳለች። የአገራችን ሰው ቅላፄ የሚለው ይህንን ነው፤ ቅላፄ ደግሞ እንደ አሻራ ከሰው ሰው ይለያል።

ነገር ግን እርስዎ ዋናው አምባሰል የሚሉት የማሪቱ አምባሰል ራሱ በጊዜው አዲስ ነገር እንደ ነበር ልብ ይበሉልኝ። ከኪነት ቡድኖቹ በፊት አምባሰል በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት የሚዜም፣ አዝማሪው እንዳሻው የሚያስረዝመው፣ የተሰበሰበውን ሰው በየስሙ እያነሣ እዚያው ግጥም የሚፈጥርበት ዜማ ነበር። የኪነት መድረክ ሲመጣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድነት ተሰለፉ፤ መግቢያውና መውጫው ተወሰነ፤ ቆይቶም ዘፈኑ በካሴት ልክ ተሰፍሮ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሽማግሌዎች «ይህማ የመድረክ አምባሰል ነው» ብለው ሳያጉረመርሙ የቀሩ አይመስለኝም። የእነርሱ ቅሬታ ጠፍቶ ለእኛ የቀረን ዘፈኑ ነው።

እስኪ ከትዝታ ጋር ያነጻጽሩት። ትዝታን አዲስ አበባ የተወለደው ማሕሙድ አህመድ ዘፍኖታል፤ ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ ዘፍናዋለች፤ ጌታቸው ካሳ በዝግታም በፍጥነትም ሠርቶታል፤ በዛወርቅ አስፋው የራሷ አድርጋዋለች፤ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ያለ አንዳች ቃል በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶታል። ከእነዚህ አንዱን ሰምቶ «ይህ እገሌን ለመምሰል የሚደረግ ልፋት ነው» የሚል አድማጭ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ትዝታ የማንም የግል ርስት እንዳልሆነ ሁሉም አስቀድሞ ተስማምቷልና። አምባሰል ግን በአንድ ድምፅ ታተመ። ይህ ለማሪቱ ከሽልማት ሁሉ የሚበልጥ ክብር ነው፤ አምባሰልን ግን ጎድቶታል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ አምባሰልን ለመዝፈን የምትነሣ አንዲት የተሁለደሬ ወይም የኩታበር ልጅ ማሪቱን ብትመስል «ቀዳች» ትባላለች፤ ባትመስል ደግሞ «ይህማ አምባሰል አይደለም» ትባላለች፤ ሦስተኛ በር አልተውንላትም። እርስዎንም ራሴንም የምወቅስበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

እንግዲህ ልጅዎ ሌላ ጊዜ አዲስ ድምፅ ስታሰማዎት ከመጀመሪያው ስንኝ አይፍረዱ። ዘፋኟ የት እንደምትተነፍስ ያዳምጡ፤ ዘፈኑን ከካሴት የቀዳች ልጅ ማሪቱ በተነፈሰችበት ቦታ ትተነፍሳለች፣ የራሷን ግጥም የያዘች ግን ሐሳቡ ባለቀበት ታርፋለች። ግጥሙ ዛሬ ስላለ ሰውና ስላለ ነገር የሚናገር መሆኑን፣ ወይስ ከአራት አሮጌ ዘፈኖች የተለቀመ መሆኑን ይመርምሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኪቦርዱ ዝም ሲል፣ ከበሮው ሲያርፍ፣ ድምፅዋ ብቻውን ሲቀር ቅኝቱን ይዞ መቆሙን ይጠብቁ። እዚህ ላይ የዘመኑ ቀረጻ ያታልላል። ኦቶቲዩን የሚሉት የድምፅ ማረሚያ በሁለት ድምፆች መካከል ተንሸራትቶ የሚያልፈውን ጉሮሮ እየያዘ በአቅራቢያው ወዳለው ቋሚ ድምፅ ይስበዋል፤ በዚህ የተነሣ ቅላፄው እንደ ወራጅ ውኃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ስለዚህ ልጅቱ በስቱዲዮ የሠራችውን ብቻ ሰምተው አያሰናብቷት፤ በሠርግ ወይም በመድረክ ላይ በስልክ የተቀረጸ ካላት ጥራቱ ቢያንስም እርሱን ይፈልጉ።

ልጅዎ የምታመጣቸው ድምፆች አብዛኞቹ መካከለኛ ናቸው ቢሉኝ አልከራከርዎትም። በካሴት ዘመንም አብዛኞቹ መካከለኛ ነበሩ፤ ያን ጊዜ የነበሩትን መካከለኞች ግን ረስተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምማር የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሙዚቃ ትምህርት የለኝም፤ በትርፍ ጊዜዬ ግን ኪቦርድ እሞክራለሁ። ሰዎች «ይህ ባቲ ነው፣ ይህ አምባሰል ነው» ሲሉ ከምን ተነሥተው እንደሚለዩት አይገባኝም። በተለይ አምባሰልና ትዝታ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ የሚምታቱብህ ጆሮህ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን በእርግጥም ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው፤ ኪቦርድ ካለህ ደግሞ ዛሬውኑ በጣትህ ልታረጋግጠው ትችላለህ። ቅኝት የሚለው ቃል የመጣው ከመቃኘት ነው፤ ክራር ተጫዋቹ አውታሮቹን እያጠበቀና እያላላ፣ የሚፈልጋቸውን አምስት ድምፆች እስኪያገኝ የሚሠራውን ሥራ ይገልጻል። ስድስት አውታር ባለው ክራር አምስቱ ድምፆች ከተሰደሩ በኋላ ስድስተኛው አውታር አንዱን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ክራር ተጫዋቹ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ጥቂት ደቂቃ አቁሞ አውታሩን ሲጠመዝዝ አይተህ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ሁለቱ በቀጥታ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፣ አራቱንም በአንድነት የወሎ ቅኝቶች የሚላቸው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ኪቦርድህ ተመለስ። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እየነካህ፣ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ጀምረህ እዚያው ላይ እየተመለስክ ብታርፍ ሙሉውን ትዝታ ታገኛለህ፤ በውስጡ አንድም ጠባብ እርምጃ ስለሌለ ዜማው ሳይደናቀፍ ይፈስሳል። ሌላውን ትዝታ፣ ሙዚቀኞች ትዝታ ማይነር የሚሉትን ከፈለግህ፣ ከነጫጮቹ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ እና ፋን ብቻ ተጫወትና ማረፊያህን ላ ላይ አድርግ። ቀጥለህ ከእነዚሁ አምስት ድምፆች አንዱንም ሳትለውጥ ማረፊያህን ወደ ሚ አዛውረው፤ አምባሰል ሆነ። ድምፆቹ ያው ናቸው፣ ቤታቸው ብቻ ተለወጠ። ከሚ ወደ ፋ ያለችው ጠባብ እርምጃ አሁን ማረፊያው አጠገብ ስለ ወደቀች ዜማው በተመለሰ ቁጥር እንደ እንጉርጉሮ ይሰማል፤ ከፋ ወደ ላ ያለው ሰፊ ዝላይ ደግሞ ከሸለቆ ቀና ብሎ ተራራ የማየት ያህል ይሰማኛል፤ ይህ የእኔ ስሜት ነው እንጂ የሙዚቃ ሕግ አይደለም።

ለባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እና ሲን ይዘህ ዶ ላይ እረፍ። ባቲም እንደ ትዝታ ሁለት መልክ አለው፤ ሁለተኛውን በጥቁሮቹ ቁልፎች፣ ጥንድ ሆነው ከተቀመጡት ከሁለተኛው ጀምረህ ታገኘዋለህ፤ ከሙሉው ትዝታ ጋር አምስት ድምፅ ተጋርቶ በማረፊያው ብቻ የሚለይ ስለሆነ አሁንም የዘመድ ጉዳይ ነው። አንቺሆዬ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ እና በሶልና በላ መካከል ያለውን ጥቁር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ማረፊያው ሲ ነው። ጀማሪ ሲሰማው ከአራቱ በጣም እንግዳ የሚሆንበት እርሱ ነው፤ የሠርግ ዘፈን ያዘወተረ ጆሮ ግን ሳያውቀው ለምዶታል።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። ኪቦርድ በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ፋብሪካው ወስኖ የሰጠህ መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋች ግን በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ላይ ጣቱን እንደ ፈለገ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ የአንድ ጥሩ አዝማሪ አንቺሆዬ ከኪቦርድህ ጋር ልክ በልክ ባይገጥም የተሳሳተው አዝማሪው ነው ብለህ አትደምድም። ሌላው፣ ብዙ ሰው እነዚህን አራቱን ከቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ጋር ያደባልቃቸዋል፤ እነዚያ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች ስለሆኑ ራሳቸውን ችለው የሚጠኑ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከወልድያ ነው። ዘፈን እወዳለሁ፤ አዳዲስ ዘፋኞችን ቀድሞ ማወቅ ደግሞ የበለጠ ያስደስተኛል። የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድሮችን እከታተላለሁ፣ ነገር ግን ከአሸናፊዎቹ ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠፋሉ። እውነተኛ ችሎታ የሚገኘው የት ነው?

መልስ፦ ውድድሮቹን አልንቃቸውም። ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ለብዙ ወጣቶች ደጅ ከፍተዋል፤ ዳዊት ጽጌን የመሰለ ዘፋኝ በባላገሩ አይዶል ታውቆ በኋላ «የኔ ዜማ» የተሰኘ የራሱን አልበም ማውጣቱ መንገዱ የተዘጋ እንዳልሆነ ያሳያል። ይሁን እንጂ የውድድር ባሕርይ ራሱ ለመምሰል ያመቻል። ተወዳዳሪው በአብዛኛው የሚዘፍነው የታወቀ ሰው ዘፈን ነው፤ ዳኛውም ተመልካቹም ዋናውን ስለሚያውቁት ሳይወዱ በግድ ከዋናው ጋር ያመዛዝናሉ፤ በጥቂት ደቂቃም የድምፁን ከፍታ አሳይቶ መውረድ አለበት። ትዕግሥትን በጥቂት ደቂቃ ማሳየት እንዴት ይቻላል? የራሱ ዘፈን ሳይኖረው ያሸነፈ ልጅ ውድድሩ ባለቀ ማግስት ምን ይዝፈን? የመጥፋታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ባለፈው ጥር ሐይቅ አካባቢ ለአንድ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ዲጄው እንደ ዘመኑ ልማድ በትልልቅ ስፒከሮች ጆሯችንን ሲያደነቁረው አመሸና መብራት ጠፋ። ትንሽ ከተንጫጫን በኋላ ሴቶቹ ከበሮ አመጡ፤ መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀው የሙሽራ ዘፈን ተዘፈነ። ከዚያ እስካሁን ከተቀባዮቹ መካከል ቆማ የነበረች፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት የማትበልጥ ልጅ በባቲ ገባች። የገባችው ሰው ከጠበቀው ዝቅ ብላ ነበርና ጭብጨባው በፍጥነቱ ሊቀጥል አልቻለም፤ ሁሉም ሳይመካከር እጁን አዘገየ። ከበሮ መቺዋ ሴትዮ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቱ የመጀመሪያውን ስንኝ ለሙሽራው እናት ሰጠች፤ የሰጠችውም ምስጋና ሳይሆን ለስላሳ ወቀሳ ነበር፣ ልጁን ለሌላ ሴት አስረክባ ዛሬ ማታ ብቻዋን እንዴት እንደምትተኛ የሚጠይቅ። እናትዮዋ አለቀሱም ሳቁም። ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም፤ ላይኛው ላይ ሲደርስ ይሻክራል፤ እርሷም ይህንን የምታውቅ ይመስል ወደ ላይ የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቃሉ ራሱ ጩኸት በሚጠይቅበት ቦታ። መብራት ሲመለስ ዲጄው ሳይጠየቅ የራሱን ዘፈን ለቀቀባት። ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ ስሟን አልጽፍም፤ የሰማኋትን ያህል ግን ዓመቱን ሙሉ ከሬዲዮ አልሰማሁም።

ለእርስዎ ቅርብ የሆነ ሌላም ቦታ አለ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች የሚያከብሩት በዓል፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ እየተባለ የሚጠራው፣ በየመንደሩ የሚካሄድ ሰፊ የድምፅ መድረክ ነው። ሁሉም ልጃገረድ ስትቀበል ሁለት ሦስቱ ያወጣሉ፤ የሚያወጡት እነማን እንደሆኑ ደግሞ የሚወስነው ዳኛ ሳይሆን የጓደኞቻቸው ጆሮ ነው፤ ማውጣት የማትችል ልጅ ተቀባይ ታጣለች። ለቱሪስት ተብሎ አዳራሽ ውስጥ የሚዘጋጀውን ትተው ወደ ሰፈሩ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባቲ ከተማ ነው። አንዳንድ ዘፋኞች የመንዙማን ዜማ ለዘፈን ሲያውሉት እሰማለሁ፤ ቅር ይለኛል። ሌሎች ደግሞ መንዙማ ራሱ ከባቲና ከአምባሰል ቅኝት የወጣ ነው ይላሉ። እውነቱ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ሁለት ነው። ስለ ዜማው ዝምድና ከሆነ፣ የወሎ መንዙማ በወሎ ጆሮ የተሠራ ነው፤ ቃሉ ዐማርኛና ዐረብኛ እየተቀላቀለ፣ መሪው ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ በድቤና በጭብጨባ ሲዜም፣ አብዛኛው ዜማ ከለመድናቸው አምስት ድምፆች አይወጣም። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የሚገናኘው ሙስሊምና ክርስቲያን ያደገው አንድ ዓይነት እንጉርጉሮ እየሰማ ስለሆነ ይህ ሊደንቀን አይገባም። ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ልተወው፤ መንዙማ እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የወሎ የእምነት ማዕከላት በሐድራ (በጋራ የውዳሴና የጸሎት ጉባኤ) እና በዱዓ መካከል ሲዜም የኖረ እንጂ በካሴት የተጀመረ አይደለም።

አገባቡን በተመለከተ ግን ቅሬታዎ ትክክል ነው። የሚያዜሙት ሰዎች መንዙማን ዘፈን አይሉትም፤ ውዳሴና ትምህርት ነው። ሼህ መሐመድ አወል ሐምዛን ያዳመጠ ሰው፣ ሙስሊም ሆነም አልሆነ፣ ያ ድምፅ ለጭፈራ እንዳልተነሣ ከመጀመሪያው ቃል ይገባዋል። አንድ ዘፋኝ ከቅኝቱ ቢቀዳ የጋራ ምንጭ ነውና ማንም አይከለክለውም፤ የታወቀን አንድ መንዙማ ዜማ እንዳለ አንሥቶ ስለ ዳሌና ስለ ወገብ ግጥም ቢያለብሰው ግን ነውር ነው፤ እንደ ዘፋኝም የራሱ ዜማ እንደሌለው መስክሯል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኳቸው አርባ የሚሆኑ የወሎ ዘፈን ካሴቶች አሉኝ፤ አንዳንዶቹ በሠርግ ላይ የተቀረጹ ስለሆኑ ሌላ ቦታ አይገኙም። ወደ ኮምፒውተር ላዛውራቸው እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ማጫወቻውን ሳያጸዱ ምንም አይክተቱበት፤ ክሩ የሚያልፍበትን የብረት ራስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርገው ሲደርቅ ይጀምሩ። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ስለሚችል ከመቅዳትዎ በፊት እስከ መጨረሻው አዙረው ይመልሱት። የስልክ ማይክሮፎን ከስፒከሩ ፊት ደቅኖ መቅዳት ጊዜ ማባከን ነው፤ በገመድ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገቡት፣ ፋይሉንም መጀመሪያ ባልተጨመቀው በዌቭ ዓይነት ያስቀምጡ። የካሴቱን ሹክሹክታ ለማጥፋት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን አደራ አይመኑ፤ ሹክሹክታውን ሲጠርጉ የማሲንቆውን ደጋን መፋቅ አብረው ይወስዱታልና፣ ያልተነካውን ቅጂ ሁልጊዜ ለብቻ ያኑሩት። የተሸጡ አልበሞችን በኢንተርኔት ከመልቀቅ ይቆጠቡ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፋኞቹንም የአሳታሚዎቹንም መብት ይጠብቃል። የሠርግ ቅጂዎቹን ግን የዘፈነው ማን እንደሆነ፣ ማሲንቆ የመታው፣ የየት ቀበሌ ሠርግ እንደ ነበር፣ የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ይጻፉባቸው።

ከሁሉ አስቀድመው ደግሞ የእያንዳንዱን ካሴት የጀርባ ጠርዝ ይመልከቱ፤ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ልሳኖች አሉ፣ እነርሱን በቢላ ጫፍ ሰብረው ካወጧቸው በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። እኔ ይህንን ያወቅሁት በአንድ የአምባሰል ካሴት ነው። አጎቴ ውጫሌ በአንድ ሠርግ ላይ የቀረጸውን ለጓደኛዬ አዋስኩት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመልስልኝ አንደኛው ገጽ እንዳለ ነበር፤ ሁለተኛውን ሳዞረው ግን አዝማሪው ስንኙን አንሥቶ ገና ወደ ማረፊያው ሳይደርስ የኳስ ጨዋታ ዘገባ ገባበት።